ፊታቸው ክፍት የሆነ የጥንት ባለሹፌር መኪኖች፦ ችግርና መፍትሄ

ሮልስ ሮይስ ፋንተም 2 (እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ የተመረተው) ከፋብሪካ የሚወጣው ሻሲና ሞተሩ ብቻ ነበር፤ አካሉን የሚሠሩት እንደ ባርከርና ሁፐር ያሉ የአካል ሠሪዎች ናቸው። «ሴዳንካ ዴ ቪል» በሚባለው አሠራር ሹፌሩ ቋሚ ጣሪያ የለውም፤ ሲዘንብ የሚዘረጋ ሸራ ወይም ቆዳ ብቻ አለው። ባለቤቱ ከመስታወት መከለያው ጀርባ በደረቁ ይቀመጣል። የአካሉ አጽም አሽ የሚባል እንጨት፣ ላዩ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ከፊት የገባ ውሃ ቀለሙን ሳይነካ ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ የአካሉን ብልሽት ሁሉ በውሃ ጠርጥረው ይጀምሩ።

የሹፌሩ ወለል ይረጥባል

ውሃው የታየበት ቦታ የገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ እንጨቱን ይዞ ርቆ ይሄዳል። ዋነኞቹ መግቢያዎች ሦስት ናቸው፦ ሸራው ከቋሚው ጣሪያ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱ እግር፣ የበሩ ታችኛ ጠርዝ።

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው አፍንጫ በሌለው የውሃ ጎማ ቀስ ብሎ ውሃ ያፍስስ። ከታች ይጀምሩ፦ በሩ ላይ 3 ደቂቃ ያህል፣ ቀጥሎ የመስታወቱ እግር፣ በመጨረሻ የሸራው ጠርዝ። ከላይ ከጀመሩ ሁሉም ይርሳል፤ የቱ እንዳፈሰሰም አይለይም። የበሩን ላስቲክ ለመፈተሽ ጠመኔ ቀብተው ይዝጉት፤ ጠመኔው ያልታተመበት ቦታ አይገጥምም ማለት ነው።

የበሩ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው፤ አያስፏቸው። ለመስታወቱ እግር የማይደርቅ የቡቲል ማሸጊያ ይጠቀሙ። ሲልኮን አይመከርም፤ በኋላ ቀለም አያስይዝም። ሸራውን እርጥብ ሳለ አይጠቅልሉት፤ ይሻግታል፣ ይኮማተራል። የተኮማተረው በትንሹ ረጥቦና ተወጥሮ ካደረ በኋላም ካልደረሰ ይቀየር። በጉልበት ከሳቡት ማያያዣው እንጨቱን ይዞ ይነቀላል።

በሩ ወርዷል፣ ሲዘጋ ይገጫል

በሩን ገርበብ አድርገው በእጀታው በኩል ወደ ላይ ያንሱት። ማጠፊያው ብቻ ከተላወሰ ፒኑ ወይም ቡሹ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል፤ ይቀየር። ማጠፊያው የታሰረበት ምሰሶ አብሮ ከተላወሰ እንጨቱ በስብሷል። በወስፌ ይውጉት፤ ጤነኛ እንጨት ይገታዋል፣ የበሰበሰው ያስገባዋል። ማጠፊያው ሥር ቀጭን ቁራጭ ብረት ጨምሮ በሩን ማስተካከል የተለመደ ዘዴ ነው፤ ብስባሱን ከመደበቅ በቀር አይረዳም።

ጉዳቱ ላይ ላዩን ከሆነ እንጨቱን በደንብ አድርቀው ቀጭን ባለሁለት ውህድ ኢፖክሲ (የሚጠነክር ሙጫ) ያጠጡት። ጠልቆ ከሆነ ጤነኛው እስኪገኝ ይቆረጥና አዲስ እንጨት በሰያፍ ይቀጠል። የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት 8 እጥፍ ይሁን፦ ለ40 ሚሊ ሜትር እንጨት 320 ሚሊ ሜትር። የአዲሱ እንጨት እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይሁን፤ አለበለዚያ በኋላ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ የብረት ቪቴ በእርጥበት እየበላው ነው፤ በመካከላቸው ቀለምና ማገጃ ቴፕ ያስገቡ። ሥራው ሲሠራ ክሪኩ ሻሲው ሥር እንጂ አካሉ ሥር አይግባ።

የመከለያው መስታወት አይወርድም

እጀታውን አያስገድዱት፤ የማንሻው ጥርስ ይሰበራል። ውስጠኛውን ሽፋን ፈተው መስታወቱን ከማንሻው ያላቅቁትና በእጅ ይሞክሩት። በቀላሉ ከሄደ ማንሻው ላይ የደረቀ ግራሶ አለ፤ ይታጠብና በአዲስ ይተካ። ካልሄደ መስታወቱ በሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ያለው ፌልት (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) አብጧል፤ ይቀየር። ዳሩ ላይ ቢጫ የሆነ ወይም የተላጠ የድሮ ድርብ መስታወት አይታደስም፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ሴሉሎይድ ነው የተበላሸው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው፤ ከወፈረ ቦዩ ውስጥ ይጣበቃል።

የሹፌሩ ስልክ ድምፁ ደብዛዛ ነው

ይህ ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ ሹፌሩን የሚያናግርበት ነው። የካርቦን ማይክሮፎን ከሆነ በውስጡ ያሉት የካርቦን ፍሬዎች በእርጥበት ተጣብቀዋል። ያድርቁትና በጣት በቀስታ መታ መታ ያድርጉት። ካልተሻሻለ የሽቦዎቹን ጫፎች ያጽዱ፤ ዝገት እዚያም ይቀመጣል።