የተኩስ ፍጥነት ልምምድንና የቤት ዝግጅትን እንዴት እናመጣጥን?

ድሬዳዋ ውስጥ መጋዘን በምጠብቅበት ጊዜ፣ ሽጉጥ ከአፎት አውጥቶ ማነጣጠርን በስልኬ ሰዓት እየለካሁ እለማመድ ነበር። ወደ 2 ሰከንድ አውርጄዋለሁ። አንድ ማታ መብራት ጠፋና ልጄ የብርጭቆ ስባሪ ረገጠች። ባትሪ የለም፣ ፋሻ የለም። ባለቤቴ ነጠላዋን ቀድዳ እስክታስርላት እኔ በጨለማ መሳቢያ እበረብራለሁ። ጠዋት ስናይ ደሙ ሲሚንቶው ላይ እስከ በሩ ተንጠባጥቧል። ከዚያ ወዲህ ልምምዴን እንዲህ ነው የምከፋፍለው።

መጀመሪያ ሕጉን ጨርሱ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም። ቤት ውስጥ መሣሪያውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፍባቸው።

ለፍጥነት በሳምንት 2 ቀን፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ከሽጉጡ አውጡ። ማጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቆይ፤ አፈሙዙም ሰው ወዳለበት አይዙር። 5 ጊዜ በዝግታ፣ 5 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ሥሩ። ኢላማው ላይ ሳታርፉ ጣታችሁ ቃታ ውስጥ ከገባ ወደ ዝግታው ተመለሱ። አንዳንዱን ዙር ደግሞ ሽጉጡን ሳትነኩ ጨርሱት፦ ወደ ኋላ አፈግፍጉ፣ በር ቆልፉ፣ 991 ደውሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይሄንን ዙር ነው።

ቀጥሎ ደም ማቆም። ንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ በመዳፍ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጨርቁ ቢርስ አታንሱት፣ ሌላ ደርቡበት። የተሰካ ስባሪ ካለ አትንቀሉት፤ ግራና ቀኙን ተጫኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ልጆቹም ይልመዱት።

ረዘም ያለውን ጊዜ ለጎርፍ ስጡት። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው የሚመስለው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ግን ድንገት ይወርዳል። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሌሊት መጥቶ፣ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ሕይወት ወስዷል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ አንድ ቦርሳ አዘጋጁ። ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የታሸገ ውኃ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የመታወቂያና የቤት ካርታ ቅጂ ይኑርበት። በር አጠገብ ምስማር ላይ ስቀሉት።

ከዚያ ማታ መብራት አጥፉና ያንኑ የስልክ ሰዓት አስነሡ። ሁሉም ሰው ቦርሳውን ይዞ ከፍ ወዳለው ቦታ ይውጣ። መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ይጥላል። እኛ ቤት የመጀመሪያው ቀን 11 ደቂቃ ፈጀ። አማቴ ጫማቸውን ሲፈልጉ ብቻ 3 ደቂቃ ሄደ። አሁን ጫማቸውን ከአልጋው እግር ጋር በገመድ አስረውት ነው የሚተኙት። ባለፈው ወር 4 ደቂቃ ገባን።