ቢራ በስፕራይትና በሎሚ፦ ቤት ሲቀላቀል የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ልኩ ቀላል ነው፦ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ የዚያኑ ያህል ስፕራይት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ጀርመኖች ቢራና የሎሚ ለስላሳ ሲቀላቀል «ራድለር» ይሉታል፤ ብስክሌት ነጂ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ነው የደፋሁት።

አረፋው ገንፍሎ ይፈሳል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲሞቅ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቆርኪው ሲነሳ ጋዙ ይቸኩላል። ብዙ ሰው ቢራውን አቀዝቅዞ ስፕራይቱን ከመደርደሪያ ያነሳል፤ እዚያ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው። ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ። እንግዳ በር ላይ ከሆነ በረዶ፣ ውሃና እፍኝ ጨው ባለበት ባልዲ ውስጥ ይንከሯቸው። ፍሪዘር ውስጥ ከተረሳ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ሲቀዱ ሎሚውና ስፕራይቱ ይቅደሙ፤ ከዚያ ብርጭቆውን አዘንብለው ቢራውን በቀስታ ያውርዱት። አያማስሉ፤ ራሱ ይቀላቀላል። ስኳር የሚወዱ ከሆነ አስቀድመው በውሃ ያሟሙት፤ ደረቅ ስኳር ቢራ ውስጥ ከገባ ጋዙ በየፍሬው ላይ ተሰብስቦ ይፈላል።

አረፋው ወዲያው ይጠፋል

ብርጭቆው ላይ ቅባት ወይም ያልተለቀለቀ ሳሙና አለ። በጨው አሽተው፣ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ ደፍተው ያድርቁት። በወጥ ቤት ፎጣ አይወልውሉት፤ ፎጣው ራሱ ቅባት አለው። ጥብስ እየበሉ ከሆነ ግን ተስፋ ይቁረጡ፤ ቅባቱ ከከንፈርዎ ነው።

ጣፋጭነቱ ያንገሸግሻል

ከስፕራይቱ ግማሹን በአምቦ ውሃ ይተኩና ሎሚውን ጨመር ያድርጉ። እኔ አሁን ከዚህ ሌላ አልጠጣም።

ይመራል

ሎሚው እስከ ልጣጩ ተጨምቋል። ምሬቱ ያለው ልጣጩና ነጩ ሽፋን ላይ ስለሆነ በእጅ ለስለስ አድርጎ መጭመቅ ይበቃል።

ይቀጥናል

በረዶ ነው። በረዶ ካልገባበት የማይሆንልዎ ከሆነ የሎሚ ጭማቂ በበረዶ መሥሪያው ውስጥ ያቀዝቅዙ።

ለስላሳ ይመስላል፣ ግን ራስ ያዞራል

5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ እኩል ሲበረዝ 2.5 በመቶ ይሆናል እንጂ አልኮሉ አይጠፋም። ሁለት ብርጭቆ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚጠጣውም ስለሚጣፍጥ ነው። መኪና ይዞ የመጣ ሰው አምቦውን ብቻ ይጠጣ።

ጎማ ጎማ ይሸታል

ይህን ሎሚም አያድነውም። ብርሃን በቢራው ውስጥ ያለውን የሆፕ (ቢራውን የሚያመርረው ተክል) ምሬት ሲነካው መጥፎ ጠረን ያለው ድኝ አዘል ነገር ይፈጠራል፤ ለዚያ ደግሞ ጠንካራ ፀሐይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴው ያን ያህል አይደለም፣ ነጩ ጭራሽ። የእኛ ሰፈር ሱቆች ሳጥኑን ደጅ ላይ ደርድረው ፀሐይ ያስመቱታል። የሸተተውን ይድፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ባለሱቁን ከጓዳ እንዲያወጣልዎ ይጠይቁት።