ብስክሌት በጋራዥ ግድግዳ ላይ አቁሞ ሲሰቀል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮችን ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ለሥራ በምገባባቸው ግቢዎች ሁሉ ብስክሌት እየበዛ መምጣቱን አስተውላለሁ። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ደግሞ ብስክሌት ከድሮም የቤት ዕቃ ነው። ጋራዡ ግን አልሰፋም። መኪናው፣ ጄኔሬተሩ፣ የውሃ በርሜሉና የከሰሉ ማዳበሪያ በሞሉት ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ብስክሌት ተደጋግፎ ሲቆም፣ የኋለኛውን ለማውጣት የፊተኞቹን ሁሉ ማንሳት ግድ ይላል፤ አንዱ ሲወድቅም ሌሎቹን ይዞ መኪናው ላይ ያርፋል። የፊት ጎማውን ወደ ላይ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ለዚህ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ወለል ላይ 1.8 ሜትር ያህል የሚረዝመው ብስክሌት ቆሞ ሲሰቀል ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣው 1.1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሰዎች ገበያ ሄደው የሚመርጡት መንጠቆውን ነው፤ ግድግዳውን የሚያስታውሱት መንጠቆው ከተገዛ በኋላ ነው። ብስክሌት ከባድ ዕቃ አይደለም፤ የተለመደው ከ10 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ በባትሪ የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ነው። ወድቆ ያየሁት ማንጠልጠያ ሁሉ የወደቀው መንጠቆው ተሰብሮ ሳይሆን፣ መንጠቆው የነከሰው ነገር ለቆት ነው።

ፊሸርን በብሎኬት ላይ ማመን

ፊሸር ብሎን እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ መሰኪያ ነው። ይህን ስህተት ደጋግሜ ስለማየው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። አብዛኛው የከተማችን ግድግዳ የተሠራው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ነው። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ድፍን ቢመስልም፣ የብሎኬቱ ገጽ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አየር ነው። ትራፓኖ ይዞ የበሳ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ልስኑ ደቃቅ ዱቄት ያወጣል፣ ቀጥሎ ዱቄቱ ሸካራና ጠቆር ያለ ይሆናል፣ ከዚያ ትንሽ እንደገፉ ፑንታው ድንገት ወደ ውስጥ ስምጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ሥራውን አቁሞ ማሰብ ይገባ ነበር፤ ብዙዎች ግን ቀዳዳው በቀላሉ በመጠናቀቁ ተደስተው ፊሸሩን ያስገባሉ።

ፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው ብሎኑ ሲገባበት አብጦ ዙሪያውን ያለውን ድፍን ነገር ስለሚጫን ነው። 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፊሸር 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ባለው ብሎኬት ላይ ሲገባ ግማሹ የሚቀመጠው ልስኑ ውስጥ ነው፤ የቀረውም የያዘው ስስ የሆነውን የብሎኬት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥብቅ ብሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ በተሰቀለና በወረደ ቁጥር መንጠቆው ጥቂት ይነቀነቃል፣ ልስኑ በዙሪያው እየተፈረፈረ ይሄዳል፣ ከቀዳዳው በታችም ወለሉ ላይ ትንሽ ዱቄት ይታያል። ይህን ዱቄት ያየ ሰው ብስክሌቱን በዚያው ሰዓት ሊያወርደው ይገባል።

አንድ ቤት ውስጥ አራት መንጠቆ እንዲህ በብሎኬት ላይ ተደርድሮ አገኘሁ፤ አንደኛው ሌሊት ተነቅሎ አጠገቡ ያለውን ብስክሌት ጨምሮ የመኪናው ኮፈን ላይ ወድቋል። ከፊሸሩ ጋር ሰፊ የልስን ቁራጭ ተገንጥሎ ስለወጣ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ከውጭ ይታይ ነበር። ባለቤቱ የጠየቁኝ ረዘም ያለ ፊሸር እንድገዛላቸው ነበር። ረጅሙ ፊሸር ግን ወደ ባዶው ይበልጥ ይገባል እንጂ የሚነክሰው ነገር አይጨምርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቤቱ አጥንት አለው፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ነው። ኮለን የሚባለው የኮንክሪት ምሰሶ ብዙውን ጊዜ በማዕዘን፣ ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ቦታና በሰፊው የጋራዥ በር ግራና ቀኝ ይገኛል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እየመቱ ሲሄዱ ብሎኬቱ ክፍት ድምፅ፣ ኮለኑ ደግሞ ድፍንና አጭር ድምፅ ይሰጣል። በኮለን ላይ ሲጠብቅ የሚያብጥ የብረት ኤክስፓንሽን ቦልት በሚገባ ይይዛል። ሆኖም የኮለኑን ጠርዝ ሳይሆን መካከሉን መብሳት ያስፈልጋል፤ ቦልቱ ሲያብጥ ጠርዙን ሊገነጥለው ይችላልና። ፑንታው በኮለኑ ውስጥ ያለውን ብረት (ፌሮ) ካገኘም በግድ ማለፍ አይገባም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው።

ኮለኑ በሚፈለገው ቦታ ካልተገኘ፣ እኔ የምመርጠው ከወለሉ የሚነሳ የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ፍሬም ማስበየድ ነው። ቋሚዎቹ ወለሉ ላይ ይቆማሉ፣ አግዳሚው ቱቦላሬ በመንጠቆው ከፍታ ላይ ይበየዳል፣ ፍሬሙም ወደ ፊት እንዳይጋደም ከኮለን ወይም ከላይኛው ቢም ጋር ይታሰራል። በዚህ አሠራር የብስክሌቶቹን ክብደት የሚሸከመው ወለሉ ነው። አግዳሚው ከ2 ሜትር የሚረዝም ከሆነ መካከሉ ላይ ተጨማሪ ቋሚ ቢኖረው አይጎብጥም። ሌላው መንገድ ብሎኑን ግድግዳውን ዘልቆ እንዲያልፍ አድርጎ፣ በወዲያኛው በኩል ወፍራም ላሜራና ሮንዴላ አስገብቶ በዳዶ ማሰር ነው፤ መልኩ ባያምርም አይነቀልም። በማናቸውም ሁኔታ ብሎኬት ሲበሳ የትራፓኖው የመዶሻ ምት መጥፋት አለበት፤ ምቱ የብሎኬቱን ውስጠኛ ገጽ ስለሚሸርፈው፣ ከፊት ንጹሕ የሚመስለው ቀዳዳ ከኋላ ሰፊ ሆኖ ይቀራል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይኸው ስህተት በሌላ መልኩ ይገጥማቸዋል። በዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚታየው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ሲሆን፣ አጥንቱ ከኋላው በ41 ወይም በ61 ሴንቲ ሜትር ርቀት የቆመው እንጨት ነው። የእንጨቱ ፊት 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ብሎኑ መካከሉን እንዲያገኝ አስቀድሞ በቀጭን ፑንታ መብሳት ያስፈልጋል። የእንጨቶቹ ርቀት ከብስክሌቶቹ ርቀት ጋር ስለማይገጥም፣ መጀመሪያ ጠንካራ ጣውላ በአግድም በእንጨቶቹ ላይ ማሰር፣ ከዚያ መንጠቆዎቹን በፈለጉት ቦታ ጣውላው ላይ መግጠም የተሻለ ነው።

ኮርኒስ ላይ መስቀል

ኮርኒሱ የተመታበት የሞራሌ እንጨት የኮርኒሱን ክብደት እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ብስክሌት አይሰቀልበትም።

ረጅም ክንድ ያለው ማንጠልጠያ መግዛት

ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚወጣ ክንድ ጎማውን ለማስገባት ስለሚመች ሰዎች ይወዱታል። ሆኖም ክንዱ በረዘመ ቁጥር የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ያድጋል። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢሰቀልና የማንጠልጠያው ሁለት ብሎኖች በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ቢኖራቸው፣ የላይኛው ብሎን የሚገጥመው ጉተታ ወደ 45 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህም ብስክሌቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው፤ ሲወርድ የሚደረገው ንጠቃ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ክንዱ አጭር፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብረት ደግሞ ቁመቱ ረዘም ያለና ብሎኖቹ የተራራቁ ማንጠልጠያ ይምረጡ።

ከፍታውን በግምት መወሰን

መንጠቆው የሚገጠምበትን ቦታ ከመጽሐፍ ወይም ከጎረቤት ግድግዳ መቅዳት አያስፈልግም። ብስክሌቱን በኋላ ጎማው ላይ ያቁሙት፣ ግድግዳውን ያስጠጉት፣ የፊት ቸርኬው ውስጠኛ ጫፍ የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ከምልክቱ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይግጠሙ። በዚህ ከፍታ የሚሰቅለው ሰው ብስክሌቱን ሙሉ በሙሉ አይሸከመውም፤ በኋላ ጎማው ላይ አቁሞ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ሌላውን ኮርቻው ላይ አድርጎ ትንሽ ብቻ ወደ ላይ መግፋት ይበቃዋል። ወለሉ በክረምት ውሃ የሚያስገባ ከሆነም ጎማው ከእርጥበቱ ያመልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ብስክሌቱን የሚሰቅለውና የሚያወርደው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የ9 ዓመት ልጅ ብስክሌት በአባትየው ቁመት ልክ ከተሰቀለ፣ ልጁ ወይ ወላጅ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ወይ በርሜል ላይ ወጥቶ ራሱ ያወርደዋል። ልጆች ብስክሌታቸውን በራሳቸው እጅ አውርደው፣ በራሳቸው እጅ መልሰው ሲሰቅሉ የሚሰማቸውን ኩራት ስለማውቅ፣ የእነርሱን መንጠቆ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ እገጥማለሁ። ደግሞም ልጅ ባዶ መንጠቆ ካየ መንጠልጠሉ ስለማይቀር፣ ዝቅ ያለውም መንጠቆ የሰው ክብደት እንዲችል ሆኖ መታሰር አለበት።

ሁሉንም በአንድ መስመር መደርደር

የተራራ ብስክሌት መሪ ስፋቱ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መንጠቆዎቹ ሁሉ እኩል ከፍታ ላይ ከተገጠሙ መሪዎቹ እንዳይጋጩ በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ማራራቅ ግድ ስለሚሆን፣ 3 ሜትር ግድግዳ የሚይዘው ሦስት ብስክሌት ብቻ ነው። አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን በ25 ወይም በ30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ቢገጠም፣ አንዱ መሪ ከሌላው በታች ስለሚያልፍ ርቀቱን ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ይቻላል፤ በዚያው ግድግዳ ላይ አምስት ብስክሌት ይሰቀላል። ከመብሳት በፊት ሁለቱን ብስክሌቶች ጎን ለጎን በሰው እጅ አቁሞ መሪና ፔዳል እንዳይነካካ ማየት ያዋጣል።

የመኪናውን በር መርሳት

ስፋቱ 3 ሜትር በሆነ ጋራዥ ውስጥ ወደ 1.7 ሜትር የምትሰፋ ቪትዝ ከገባች የሚቀረው ቦታ በሁለቱም ጎን ተደምሮ 1.3 ሜትር ነው። በጎን ግድግዳ 1.1 ሜትር የሚወጣ ብስክሌት ከተሰቀለ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ መውረድ አይችልም። የጋራዡ ርዝመት 5.5 ሜትር ከሆነ ግን፣ ቪትዝ 4 ሜትር ስለማትሞላ፣ ብስክሌቶቹ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በቂ ቦታ ያገኛሉ። የግድ በጎን መሰቀል ካለባቸው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞር ማንጠልጠያ አለ፤ ብስክሌቱ ከተሰቀለ በኋላ እንደ በር ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። እንዲህ ያለው ማንጠልጠያ ሲታጠፍ ለጎኑ ቦታ ስለሚፈልግ መንጠቆዎቹ ተቀራርበው ሊደረደሩ አይችሉም።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ሳያረጋግጡ መብሳት

ከሶኬት፣ ከማብሪያና ከቆጣሪ ሳጥን ትይዩ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች አይብሱ፤ ሽቦው ብዙውን ጊዜ ልስኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል። 220 ቮልት ይገድላል።

ስለ ብስክሌቱ ራሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ብዙ ሰው በአንድ ጎማ መስቀል ቸርኬውን ያጣምማል ብሎ ይፈራል። ቸርኬው በመንገድ ላይ የሚሸከመው የሰውን ክብደትና የጉድጓዱን ምት ነው፤ 15 ኪሎ ግራም የሆነ የራሱ ብስክሌት አይጎዳውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ ነገር ነው። መንጠቆው ባዶ ብረት ከሆነ ቀለሙን ስለሚፍቀው ላስቲክ ይልበስ፤ በጎማው መንፊያ ላይም ሆነ በቀጫጭኑ የቸርኬ ሽቦዎች ላይ እንዳያርፍ ይታይ። ሙሉ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ያለው ብስክሌት በኋላ ጎማው ሲቆም የፓራፋንጎው ጫፍ ወለሉን እየነካ ስለሚሰበር፣ እሱን ብዙ ሳያጋድሉ ከፍ አድርገው ቢሰቅሉት ይሻላል።

በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለው ብስክሌት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በፍሬኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት አየር ካለ፣ ብስክሌቱ ተሰቅሎ ሲያድር አየሩ ወደ ቱቦው ሊገባና ጠዋት የፍሬኑ እጀታ ልል ሊሆን ይችላል። የብስክሌት ፍሬን አምራቹ ሺማኖ ራሱ ብስክሌት ከተገለበጠ ወይም በጎኑ ከተኛ በኋላ ፍሬኑ ሳይፈተሽ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃል። ብስክሌቱን አውርዶ በሁለት ጎማው ማቆም፣ እጀታውን ደጋግሞ መጫን፣ ጥብቅ ማለቱን ሳያረጋግጡ ከግቢ አለመውጣት ያስፈልጋል። ይህ በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ማለት ስለሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። በካቦ የሚሠራ ፍሬን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ሳይፈትሹ መስቀል

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ብስክሌቱን መስቀል ያጓጓል። እኔ ግን ከእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ፣ ማለትም 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ በገመድ አስሬ እሰቅልና እንዲያድር አደርጋለሁ። ከሥሩ መኪናም ሕፃንም እንዳይኖር አስቀድሞ መከልከል አለበት። በማግሥቱ በማንጠልጠያው ዙሪያ ልስኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም በላይኛው ብሎን ዘንድ በብረቱና በግድግዳው መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከተፈጠረ፣ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማንጠልጠያው ተነቅሎ ኮለን ወዳለበት መዛወር ወይም በቱቦላሬ ፍሬም መተካት አለበት።