የቆየ የመስክ መኪና ውስጡ ሲረጥብ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በቆየ የመስክ መኪና ውሃ የሚታይበት ቦታና ውሃ የገባበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ለየቅል ናቸው። በጣራው ጠርዝ የገባ ጠብታ ከሽፋኑ ጀርባ ምሰሶውን ይዞ ይወርድና ወንበር ሥር ይጠራቀማል፤ ባለቤቱ ደግሞ ወለሉን ሲደፍን ይውላል። ስለዚህ ሲሊኮን ከማንሳት በፊት ውሃው ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ መለየት ይቀድማል።

የምን ውሃ ነው?

እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ነጭ የወረቀት ፎጣ ያኑሩና በመዳፍዎ ጫን ይበሉት። ከዚያ ወደ ብርሃን አውጥተው ይዩት፣ በጣትዎ ያሹት፣ ያሽትቱት። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ፣ ጣት ላይ የሚያሟልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። መርዝ ስለሆነ በፍጹም አይቅመሱት፤ ልጆችና እንስሳትም እንዳይነኩት ያድርጉ።

ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ የሚመጣበትን ጊዜ ይከታተሉ። ዝናብ ወይም እጥበት ተከትሎ የሚመጣው ከውጭ የገባ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ኤሲ ሲሠራ ውሎ የሚታየው የኤሲው ነው። ወለሉ ደረቅ ሆኖ ጠዋት ጠዋት መስታወቱና ጣራው ብቻ የሚያልባቸው ከሆነ ውሃው ከአየሩ የወጣ ነው።

የፊት መስታወት ላይ ቅባት መሳይ ጉም፣ የኩላንት መጉደል

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም የቱቦው ማያያዣ እያፈሰሰ ነው። ከማያያዣዎቹ ይጀምሩ፤ ዳሽቦርድ ከተፈታ በኋላ ጥፋቱ አንድ የላላ ማሰሪያ ሆኖ ሲገኝ ድካሙ ያስቆጫል። ራዲያተሩ ራሱ ከተበሳ መቀየር ነው። መንገድ ላይ ከሆኑ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በሞተሩ በኩል ነቅለው እርስ በርስ በአጭር ቧንቧ ያገናኟቸው፤ ማሞቂያው ይቀራል እንጂ መኪናው ይሄዳል። ኩላንት ውስጥ የሚጨመሩ ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሾችን አንመክርም፤ የቆየ ራዲያተር ጠባብ መተላለፊያዎችን አብረው ሊደፍኑ ይችላሉ።

ኤሲ ሲሠራ የሚረጥብ ወለል

የኤሲው ውሃ በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። እርጥበት ባለው ቀን ኤሲውን ለ15 ደቂቃ ያህል አሠርተው ከመኪናው ሥር ይመልከቱ። ምንም ጠብታ ከሌለ ቱቦው በአቧራና በጭቃ ተዘግቷል ማለት ነው። ከታች በኩል በለስላሳ የፕላስቲክ ሽቦ ይክፈቱት። ኃይለኛ የኮምፕረሰር አየር ግን አይልቀቁበት፤ ቱቦው ከውስጥ ሊነቀል ይችላል፤ ከዚያ ውሃው ሁሉ ወደ ምንጣፉ ነው።

ከዝናብ በኋላ የሚረጥብ ወለል

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው። ምንጣፉን ያንሱ፣ ወለሉን ያድርቁ፣ የጎን ሽፋኖችን ይፍቱ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ ግፊት በሌለው ቱቦ ውሃ ያፍስስ። ከታች ወደ ላይ መሄድ ግድ ነው፤ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ሥር፣ ከዚያ የመስታወቱ ጎኖች፣ በመጨረሻ ጣራው። በእያንዳንዱ ቦታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ከጣራው ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም አዳርሶ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም። ግፊት ያለው የማጠቢያ ማሽንም ለዚህ አይሆንም፤ ደህናውን ጎማ እንኳ ገልጦ ይገባል። ውስጥ ያለው ሰው ደረቁ ላሜራ ላይ ነጭ የጠመኔ ዱቄት ነስንሶ ቢጠብቅ፣ ቀጭኗ የውሃ መስመር ዱቄቱን ስትሰነጥቅ በግልጽ ያያታል።

ከኮፈኑ ኋላ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦይ መጀመሪያ የሚጠረጠር ነው። ቅጠልና አፈር መውረጃውን ሲደፍነው ውሃው ሞልቶ በአየር ማስገቢያው ወደ ጋቢና ይገለበጣል። መፍትሔው ማጽዳት ብቻ ነው። በቆዩት ላንድሮቨሮች ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር የሚከፈቱ የአየር ክዳኖች አሉ፤ የክዳኖቹ ስፖንጅ ሲደርቅ ወይም ክዳኑ ሲጣመም ዝናብ በቀጥታ እግር ላይ ያንጠባጥባል።

ቀጥሎ የመስታወቱ ጎማ ነው። ጎማው ገና ለስላሳ ከሆነ ከንፈሩን በፕላስቲክ መሣሪያ ቀስ ብለው ከፍተው፣ የማይደርቅ የቡቲል ማስቲሽ (ተጣባቂ ማሸጊያ) በጎማውና በመስታወቱ እንዲሁም በጎማውና በላሜራው መካከል ያስገቡ። ጎማው ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ሲነሳም ከሥሩ ያለውን ጠርዝ ሳያዩ አይለፉ፤ ቀለሙ ተነስቶ የዛገ ጠርዝ ላይ አዲስ ጎማ ቢገባም ውሃው መንገዱን አይለቅም።

በበር በኩል ስለሚገባ ውሃ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የበር ሆድ ውስጥ ውሃ መግባቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በመስታወቱ ጎን ይገባል፣ በግርጌው ቀዳዳዎች ይወጣል። ጥፋቱ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ወይም ከበሩ ሽፋን ጀርባ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ነው። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ስንጥር ይጥረጉ። ላስቲኩን ለመተካት ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ በልኩ ቆርጠው ዙሪያውን በቡቲል ይለጥፉ፤ የታችኛው ጫፍ ግን ወደ በሩ ሆድ ውስጥ ይግባ። ጫፉ ወደ ውጭ ከቀረ የሚንጠባጠበው ሁሉ በሽፋኑ በኩል ወለሉ ላይ ያርፋል።

የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመፈተን ወረቀት በሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ ጎማው አይነክስም። ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ማጠፊያውንና መቆለፊያውን ያስተካክሉ፤ የቆየ በር በክብደቱ ይወርዳል፤ አዲስ ጎማም የወረደን በር አያነሳም። የኋላውን በር ደግሞ አቧራው ራሱ ያሳብቅበታል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ አቧራ ይሳባል፤ በጎማው ውስጠኛ በኩል የተሰመረው ቡናማ አቧራ ውሃው የሚገባበትን ቦታ ልክ እንደ ካርታ ያሳያል። በዚያው ቀዳዳ የጭስ ማውጫው ጭስም ሊገባ ስለሚችል ሳይዘገይ መደፈን አለበት።

ጣራ ላይ የፖርቶመጋላው ብሎኖችና የዝናብ ጠርዙ መጋጠሚያ ይታዩ። ብሎኑን ነቅለው ቀዳዳውን ከዝገት አጽድተውና ቀለም ቀብተው በጎማ ዋሸርና በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይመልሱት። የሆምጣጤ ሽታ ያለውን ሲሊኮን ባዶ ላሜራ ላይ አይጠቀሙ። ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል፤ በላዩም ቀለም አይዝም።

ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የሚገባ ውሃ የወለሉን ቀዳዳዎች ከሚደፍኑት የጎማ ቡሾች፣ የገመድና የማርሽ ዘንግ ከሚያልፉባቸው ጎማዎች ነው። የደረቁትን ቡሾች ይቀይሩ። ውሃው አንዴ ከገባ ግን ቡሾቹን ነቅሎ ማስወጣትና ማድረቅ እንጂ በላዩ ዘግቶ መቀመጥ አይገባም።

ላብ፦ ምንም ሳይፈስ የሚመጣ ውሃ

አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን መሸከም ይችላል፤ በ5 ዲግሪ 7 ግራም ብቻ። ልዩነቱ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ላሜራና መስታወት ላይ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሽና በቆዳ በሰዓት ከ30 እስከ 50 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛ ግማሽ ሊትር ይደርሳል ወይም ያልፋል። ውስጥ በጋዝ ማብሰል ደግሞ የበለጠ ያባብሰዋል፤ 100 ግራም ጋዝ ሲቃጠል ከ150 ግራም በላይ ውሃ ይወጣዋል። መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊመጣ ስለሚችል በዝግ መኪና ውስጥ አለማንደድ ነው።

ለሚተኙበት መኪና መፍትሔው አየር ነው። በተቃራኒ ጎን ሁለት መስታወቶችን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይክፈቱ፤ አንድ ብቻ ከተከፈተ አየሩ አይዘዋወርም። እርጥብ ልብስና ጫማ ውጭ ይደር። ለባዶ ላሜራ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ውሃ የማይመጥ የጎማ ስፖንጅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ላሜራው በአልኮል ተጠርጎ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አለበት። በመሃል ክፍተት ከቀረ ላቡ እዚያ ተደብቆ ያዝጋል። የምሰሶዎችንና የበሮችን መውረጃ ቀዳዳ በፍጹም አይሸፍኑ።

በጉዞ ላይ መስታወት ጉም ሲይዘው የአየር ማዘዋወሪያው ውስጥ ለውስጥ እንዳልሆነ ይዩ። ማሞቂያውንና ኤሲውን አብረው ያብሩ፤ ኤሲው አየሩን ያደርቃል፣ ማሞቂያው መስታወቱን ያሞቃል። ጉሙ ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ የኋላ አየር መውጫዎች በዕቃ መዘጋታቸውን፣ ከምንጣፍ ሥርም እርጥብ ስፖንጅ መኖሩን ይፈትሹ።

ማድረቅና ዝገት

ላዩ የደረቀ ምንጣፍ አያታልልዎ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ሳምንታት ሙሉ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ የወለል ላሜራ የሚበሳሳውም አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ባትሪውን ነቅለው ወንበሮቹን ያውጡ፣ ስፖንጁን አንስተው ውጭ ይስቀሉ። ሻጋታ ከሸተተ ይጣል፤ ታጥቦ አይድንም።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ። ካቻቢቴ ጫን ሲያደርጉበት የሚበሳ ላሜራ መቆረጥና መበየድ አለበት እንጂ በስቱኮ አይሸፈን። ጠንካራውን ግን ፎስፈሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማከሚያ ይቅቡ፣ ሲደርቅ ኢፖክሲ አንቲረስት፣ በላዩ ቀለም፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ። ወለሉ ላይ ያሉትን የሽቦ ሶኬቶችም ይንቀሉ፤ አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ በኮንታክት ማጽጃ ያጥቡና ሲደርቁ መልሰው ይግጠሙ። ብዙ ጊዜ አለምክንያት የሚመስል የመብራት ችግር መነሻው እዚያ ነው።

እርጥበት መጣጭ ተብለው የሚሸጡትን የካልሲየም ክሎራይድ ዕቃዎች በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ አያስቀምጡ። የሚጠራቀመው ጨዋማ ውሃ ከፈሰሰ ላሜራውን ከዝናብ ውሃ ይልቅ በፍጥነት ይበላዋል።

ምንጣፉን ወዲያው አይመልሱት። ባዶው ወለል ላይ ደረቅ ጋዜጣ ዘርግተው ሁለት ከባድ ዝናብ ይለፍበት፤ የረጠበ ገጽ ካገኙ ከዚያ ቦታ በላይ ያለውን በውሃ ቱቦው እንደገና ይፈትሹ።