ድንኳን ውስጥ ሳይበርዳችሁ ለማደር፦ ከሰሉን ውጭ ተዉት

«ጅማ ደሞ ምን ብርድ አለ?» የሚል ሰው ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ ውጭ አድሮ አያውቅም ማለት ነው። ቀን በሸሚዝ የዞራችሁበት ሜዳ ሌሊት ሌላ ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት የሚከልልለት ደመና የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቀው ያድርና ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ወደ በለጠ ጌራ ደን ከፍታዎች ስትወጡ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሌ ሄዳችሁ ሳነቴ ላይ ለማደር ያሰባችሁማ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የምትተኙት፣ እዛ ውርጭ አለ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ድንኳን አያሞቅም። ነፋስና ጤዛ ይከለክላል፣ በቃ። የሚያሞቃችሁ የራሳችሁ ገላ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ እሳት ማስገባት ሳይሆን ያላችሁን ሙቀት አለማስወጣት ነው።

እሳት ካልኩ አይቀር ዋናውን ልናገር። እኛ ጋ ድንኳን ተተክሎ ቡና ሳይፈላ አይመሽም። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይጠጣል፣ በረካው ላይ ሁሉም ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ምድጃው ላይ ግን ቀይ ፍም ተርፏል። ይሄኔ አንዱ ይነሳና «ይሄ ፍም ዝም ብሎ ከሚጠፋ ወደ ውስጥ እናስገባው፣ ጭስ የለውም እኮ» ይላል። ሰው የሚሞተው እዚች ጋ ነው።

ጭስ የለውም ማለት ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። ደህና የተያያዘ፣ ቀይ የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይሄ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ ስለዚህ እየተነፈሳችሁም ቢሆን ሰውነታችሁ አየር ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ነው የሚያልቀው። «ዚፑን ከፈት እናደርገዋለን» የሚለው አያድንም። «እስኪሞቀን ብቻ ነው፣ ከዛ እናወጣዋለን» የሚለውም ያው ነው፣ ሲሞቃችሁ ትተኛላችኋ! አመድ የለበሰ ፍም ራሱ የጠፋ ይመስላል እንጂ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ምድጃውን ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ ውሃ አፍስሱበትና ተኙ።

ለላምባ ምድጃና ለቡታጋዝም ሕጉ አንድ ነው። ጋዙም አለ፣ እሳቱም አለ፦ የድንኳን ናይለን አንዴ ከተያያዘ ዚፕ ፈልጋችሁ እስክትከፍቱ አይጠብቅም። ሻማም አይግባ። ለመብራት የባትሪ መብራት ይበቃል። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛትም እንደዛው።

ድንኳን ውስጥ ካላችሁት ሁለት ሦስታችሁ አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ጉልበት ከከዳችሁ «የቡና ሱስ ነው»፣ «ምች ነው» እያላችሁ አትከራከሩ። ሁሉም ይውጣ። መነሳት ያቃተውን ጎትታችሁ አውጡት። ንጹሕ አየር ሲያገኝ ቢሻለውም ሐኪም ይየው።

እሺ፣ ያለ እሳት እንዴት ይሞቃል? ከሥር ጀምሩ። ብዙ ሰው ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ይደርባል፣ ከሥሩ ግን አንዲት ላስቲክ። ሙቀታችሁን የሚመጥጠው መሬቱ ነው፤ ስሊፒንግ ባጉም (የመኝታ ከረጢቱ) ቢሆን ከሥራችሁ ያለው ወገን ስለሚጨፈለቅ ብዙም አይረዳም። ደረቅ የእንሰት ቅጠል ወይ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙና ድንኳኑን እላዩ ላይ ትከሉ። ውስጥ ደግሞ ሰሌን፣ ከዛ ስፖንጅ። አጎዛ ያለው ሰው ጌታ ነው፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛበት። በሺዎች ብር ከሚገዛ የውጭ ምንጣፍ አያንስም ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ደረቅ መሆን። ቀን በላብ የራሰ ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ። ቲሸርትና ካልሲ ለሌሊት ብቻ ተብሎ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የሱፍ ሹራብ ከሳልባጅ ተራ በርካሽ ይገኛል፣ ቢረጥብም ትንሽ ያሞቃል። ጥጥ ግን ከረጠበ ጠላት ነው። ጋቢያችንም ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሆኖ እጥፍ ሲደረብ እሱን የሚያህል የለም፣ የድንኳኑን ግድግዳ ከነካ ግን ጤዛውን ሁሉ ጠጥቶ ያድራል። ራሳችሁን በኮፍያ ሸፍኑ፣ አፍንጫና አፋችሁን ግን ውጭ ተዉ። ስሊፒንግ ባግ ውስጥ የተነፈሳችሁት ትንፋሽ ያረጥበዋል። በዚሁ ምክንያት የድንኳኑን የላይኛውን መተንፈሻ ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ «ብርድ ያስገባል» ብላችሁ ከደፈናችሁት ንጋት ላይ ጣሪያው ያንጠባጥብባችኋል።

ቦታ ስትመርጡ ረባዳ መሬት ተዉ፣ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ እዛ ነው የሚተኛው። ለምሳሌ ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ፣ ውሃው ዳር ማለቴ ነው፤ ጉማሬውን እንኳ ትቼው። ከሜዳው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይመታው፣ ዛፍ የከለለው ይሻላል፣ የደረቀ ቅርንጫፍ በላያችሁ የተንጠለጠለበት ብቻ አይሁን።

ስትተኙ ሆዳችሁ ባዶ አይሁን። ጭኮ ወይ በሶ በደንብ ይይዛል፣ ሌሊት ስትነቁ ደግሞ ትንሽ ቆሎ። አረቄው ግን ይቅር። የሞቃችሁ የሚመስላችሁ ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው፣ ከዛ ሙቀቱ ይተናል፣ ሰውነታችሁ ከበፊቱ ይብስ ይቀዘቅዛል። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አሙቁና ክዳኑ በማያፈስ ጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልሉት፣ ጭናችሁ መሃል አድርጉት። የሃይላንድ ፕላስቲክ ትኩስ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል፣ አይሆንም። ሽንታችሁ ከመጣ ደግሞ ተነሱ፤ «ሲነጋ» እያላችሁ መገላበጥ እንቅልፍም አይሰጥ።

አንድ ሰው እየተንቀጠቀጠ ቃላት ከተንተባተበበት፣ ጣቶቹ ዚፕ መያዝ ካቃታቸው፣ ቀልድ አይደለም። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ ደርቡለት፣ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ ደግሞ ብሶበታል ማለት ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት።

ሁለተኛ ሌሊት የምታድሩ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ስሊፒንግ ባጉን ገልብጣችሁ፣ ጋቢውንም ዘርግታችሁ አስጡ። ሳይመሽ ሰብስቡት፣ ከመሸ ጤዛው መልሶ ያረጥበዋል።