ቃሪያው አልላጥ ካለ፣ ዘይቱ ከረጋ፣ ብልቃጡ ፍስስ ካለ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት ባለው ጉልት ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ የተገኘ ቀን በረንዳዬ ላይ ከሰል ይቀጣጠላል። ጠብሼ፣ ልጬ፣ በወይራ ዘይት፣ በአቸቶና በነጭ ሽንኩርት እዘፈዝፈዋለሁ። በጾም ከዳቦ ጋር ሌላ ነገር አያስፈልገኝም። ጎረቤቶቼም ጀምረዋል፤ ስሞታቸው ግን ሁሌ ያው ነው።

ልጣጩ አልለቅ አለ። ምክንያቱ ለቃሪያው መሳሳት ነው። ቃሪያው መጥቆር ሲጀምር ሰው ይደነግጥና ያወጣዋል። ይጥቆር! ቆዳው አብጦ ከሰል እስኪመስል ድረስ እያገላበጡ መጠበቅ ነው። ከዚያ በትኩሱ ድስት ውስጥ ከቶ 15 ደቂቃ መክደን። የራሱ እንፋሎት ቆዳውን ከሥጋው ይለየዋል። ክዳኑን ስትከፍቱ ቃሪያው ሟሽሾ ተኝቷል፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ልጣጩ እንደ ረጠበ ወረቀት ሸርተት ይላል። አንዳንዱ ፌስታል ውስጥ ያፍነዋል። ድስት እያለ ትኩስ ነገር ፌስታል ውስጥ ምን ይሠራል?

ተላጠ፣ ግን ጣዕም የለውም። ቧንቧ ስር ታጥቧል ማለት ነው። ጭማቂውም የጭሱ ቃናም አብሮ ሄዷል። በእጅ ላጡት፤ የቀረች ጥቁር ነጥብ ካለች በሶፍት ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ድስቱ ስር የተጠራቀመውን ጭማቂ እንዳትደፉት፤ ከአቸቶው ጋር ይግባ።

ገንፎ ሆነ። እሳቱ ደካማ ነበር። ቆዳው እስኪጠቁር ውስጡ በስሎ አለቀ።

ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ከሰሉ በጋዝ ወይም በላስቲክ ተያይዞ፣ ፍም ሳይሆን ቃሪያው ተጥዶበታል። አመድ እስኪለብስ ታገሡ። ደግሞ ከሰል ቤት ውስጥ አይሆንም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

እጄ ተቃጠለ። ይሄ የሚመጣው የሚያቃጥለውን የአበሻ ቃሪያ ስንቀላቅል ነው። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም። መጀመሪያ እጃችሁን በዘይት እሹ፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጠቡ። ብዙ ሰው ፍሬውን ብቻ አራግፎ ይገላገላል፤ ማቃጠሉ የበዛው ግን ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ላይ ነው።

ዘይቱ ፍሪጅ ውስጥ ረጋ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። የወይራ ዘይት ብርድ ያረጋዋል፣ ትንሽ ውጭ ሲቆይ ይመለሳል። የነጭ ሽንኩርቱን ቀለም የለወጠው አቸቶው ነው።

ሲከፈት ፍስስ አለ፣ አረፋ አለው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እኔም ተሸውጃለሁ። ዘይት ከዋጠው ምን ይሆናል ብዬ አንድ ብልቃጥ ቁም ሳጥን ላይ ረሳሁ። በሳምንቱ ክዳኑን ነካ ሳደርገው ፍስስ አለ፣ ዘይቱ ጠርዙን አልፎ ፈሰሰ። ሳልቀምስ ደፋሁት።

ንጥር ቅቤ የሚቆየው ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ ነው። ቃሪያ ግን ውሃ ነው። ዘይት ሲውጠው አየር ያጣል፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ደግሞ አየር የሌለበትን ቦታ ይወዳል። ነጭ ሽንኩርትም ይዞት ሊመጣ ይችላል። ክፋቱ ሁልጊዜ አይሸትም፣ አያረፋም። «ብልቃጡን ቀቅለነዋል» ማለትም አያዋጣም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የባክቴሪያው ዘር 100 ዲግሪንም ይችላል።

ስለዚህ አቸቶ አትቆጥቡ፤ እሱንም ብቻውን አትመኑት። የተዘፈዘፈው ተሠርቶ እንዳለቀ ፍሪጅ ይግባ፣ ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ አይብለጥ፣ በ4 ቀን ውስጥ ይበላ። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት።

መብራት ሄደ። ፍሪጁ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ይደፋል። እኔ እዚያ ድረስ አልጠብቅም። ሁለት ሰዓት ሲሞላው ዳቦ አስገዝቼ የጎረቤት በር አንኳኳለሁ።