አሮጌ ማሲ ስትገዙ ገንዘባችሁን የሚበሉ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ አሮጌ ትራክተር የሚፈልግ ሰው በርክቷል። አንዱ ለጤፍና ለበቆሎ ማሳው ይፈልገዋል። ሌላው ቆጋ አካባቢ አቮካዶ ተክሎ በዛፎቹ መሀል የሚያልፍ ጠባብ ትራክተር ያስሳል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ አሳምሮ ቀብቶ ግቢው ውስጥ ሊያቆመው የሚመኝ ባለ ሎጅ አይጠፋም። ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፤ ማሲ ፈርጉሰን 135 ወይም ከእሱ በፊት የነበረው 35 ላይ። ስህተታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ስለ ዘይት መቀየርና ስለ ጎማ ነፋስ እዚህ አልጽፍም። እሱን የማያውቅ ሰው ለጊዜው ትራክተር አይግዛ።

ጥቁር ጭስ አይቶ ሞተር ማውረድ

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ትራክተሩ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ተፋ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ፋሻ ጨርሷል፤ ጄኔራል ያስፈልገዋል» ይላል። ፋሻ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው፤ ጄኔራል ደግሞ ሞተሩን አውርዶ ሙሉ በሙሉ ማደስ። ባለቤቱ በሬ ሸጦ ይከፍላል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ቴስታታው ይነሳል፣ ፒስተኑ ይቀየራል፣ ኮሎው ሬቲፊካ ይላካል። የእርሻው ወቅት ካለፈ በኋላ ሞተሩ ተመልሶ ይገጠማል። ትራክተሩ ያንኑ ዳገት ይወጣል። ያው ጥቁር ጭስ!

ጥቁር ጭስ እኮ የፋሻ ምልክት አይደለም። ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ፋሻ ሲያልቅ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ የዚያ ጭስ ሰማያዊ ነው። ጠዋት ሲነሳ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ በቅዝቃዜው ምክንያት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልቆመ፣ ያኔ የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ እንደሆነ ተከታተሉ። ይህን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ደግሞ የምንሠራው የት እንደሆነ አንርሳ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጮቄ ወገብ ላይ ያሉ ማሳዎች ከዚያም ይበልጣሉ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል የሚል የተለመደ ስሌት አለ። የ135ቱ ፐርኪንስ ባለ ሦስት ፒስተን ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱ 45 ፈረስ ገደማ ነው። ማርቆስ ላይ ከዚያ ውስጥ አሥር ያህሉ የለም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ግን ይህን አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ አገር የተለካለትን ናፍጣ እዚህም ይረጫል። ስለዚህ ዋልካ መሬት ላይ ማረሻው ጠልቆ ሲገባ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢታይ አትደንግጡ። በአንድ ማርሽ ቀንሱና እረሱ።

አንዳንዱ ደግሞ «ጉልበት አነሰው» ብሎ የፖምፓውን ማኅተም ሰብሮ ናፍጣ ያስጨምራል። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣው ቢጨምር ምን ይፈይዳል? ጭሱ ይብሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱ ያው ነው።

ከከፍታው ቀጥሎ ያለው ጥፋተኛ አየር ማጣሪያው ነው። የእነዚህ ማሲዎች ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የሚይዝ ሳህን አለው። ከአውድማና ከደረቅ መሬት የተነሳ እብቅና አቧራ እዚያ ዘይት ውስጥ እየገባ ጭቃ ይሆናል። ሳህኑ ካልታጠበ ሞተሩ ይታፈናል። አንድ ጊዜ ሞጣ መስመር ላይ «ሞተሩ ሞቷል» ተብሎ በርካሽ ሊሸጥ የነበረ 135 አየሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ፣ ይህን ሳህን መቼ ነው ያጠቡት?» አልኳቸው።

«የቱን ሳህን?» አሉኝ።

ስንፈታው ዘይቱ አይፈስም፤ በማንኪያ ነው የጠረግነው። ከላይ ካለው ቱቦ ደግሞ የአይጥ ጎጆ ወጣ። በናፍጣ አጥበን፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሞልተን አስነሳነው። ሽማግሌው ትራክተሩን ሳይሸጡት ቀሩ። ደላላው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አየር ማጣሪያ። ከዚያ ናፍጣ ማጣሪያ። ከዚያ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትታችሁ በመሞከሪያ ማሽን ማስለካት። ከዚያ የቫልቮላ ክፍተት። ከዚያ ፖምፓ። ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት መለካት። ሞተር ማውረድ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ኮምፕሬሽን ሳይለካ «ጄኔራል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የሞቀ ሞተር መግዛት

በቀጠሮ ስትደርሱ ትራክተሩ ተነስቶ እየጠበቃችሁ ከሆነ ሂዱና ምሳ በልታችሁ ተመለሱ። ካልሆነም እዚያው ከተማ እደሩ። ያረጀ የናፍጣ ሞተር የሚፈተነው ጠዋት በብርድ ነው። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ካለ ሻጩ ሳትመጡ አስነስቶታል፤ ለምን?

በብርዱ ሲነሳ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ከዚያ ቀዳዳ ጭስ በኃይል እየተነፈሰ ከወጣ፣ የፋሻ ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ቀለም

አዲስ ቀለም ዋጋ አይጨምርም። ለእኔ እንዲያውም ይቀንሳል። ፋብሪካው 135ን ሲሠራ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ቀይ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ግራጫ ነበር የሚቀባው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ቀይ የሆነ ማሲ ካያችሁ ቀለሙ ሥር ብየዳ ወይም ስንጥቅ ፈልጉ። የምታድሱት ለግቢ ጌጥ ከሆነም ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ግራሶው ሳይታጠብ የተቀባ ቀለም ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ወረቀት ሳያዩ ቀብድ መስጠት

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ለእናንተ መተላለፍ መቻሉን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የባንክ እገዳ እንዳለበትም አጣሩ። በጨረታ የወጣ ነው ከተባለ ሰነዱ ይታይ። «ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው» ካሏችሁ እስኪመጣ ጠብቁ። ትራክተሩ የትም አይሄድም።

የሞዴል ዓመት ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሻጭ ዓመት ሲጠራ «በኛ ነው በፈረንጅ?» በሉት። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ የተሠራው 135 በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ያለው ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራ የእንግሊዝ 135 ነው ካሏችሁ የስም ሰሌዳውን ራሳችሁ አንብቡ።

«ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ

በየቀኑ የምጠየቀው ነው። ብረቱን ሳላይ ብር አልጠራም። ዋጋ የሚወጣው ከላይ ወደ ታች በመቀነስ ነው። በአካባቢያችሁ ደህና የሚሠራ ተመሳሳይ ትራክተር በስንት እንደተሸጠ እወቁ። ከዚያ የጎደለውን ሁሉ በዛሬ ገበያ ዋጋ ቀንሱ። ከጎማ ጀምሩ። የ135ቱ የፊት ጎማ 6.00-16 ነው፤ የኋላው ብዙ ጊዜ 12.4-28 ነው። የሁለት የኋላ ጎማ ዋጋ ሳይጠይቁ ለመደራደር የሚቀመጡ ሰዎች ይገርሙኛል። ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያው ያለቀ ነው።

«ብርቅ ነው፤ አገር ውስጥ ሁለት ብቻ ነው ያለው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሩጡ። ብርቅ ማለት ኩሽኔታ የማይገኝለት ማለት ነው። 135ቱን የምወድለት በመልኩ አይደለም። ፓኪስታንና ህንድ ውስጥ በፈቃድ ሲመረት ስለኖረ ዕቃው ይገኛል፤ ጥራቱ ግን ይለያያል፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ። ቤላሩስም ናዝሬት ይገጣጠም ስለነበር የሚያውቀው መካኒክ ብዙ ነው። ግን 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ትልቅ ማሽን አቮካዶ መሀል ምን ይሠራል?

ለጌጥ የሚገዛ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። ለእሱ የስም ሰሌዳው፣ የፊት ፍርግርጉ፣ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው የዳሽቦርዱ ሰዓት ኦሪጅናል መሆናቸው ከሞተሩ ይበልጣል። ለገበሬ ግን የማይሠራ ሰዓት ምንም አይደለም። የሚሠራውንም ቢሆን አትመኑት።

የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ መጨባበጥ

ሰው ሁሉ ሞተር ያዳምጣል። ከሞተሩ ኋላ ያለው ብረት ግን ይበልጣል። በማሲ ላይ ሃይድሮሊኩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። የዚያን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ የሚገባው በማርሽ ዘንጉ ላስቲክ በኩል ነው። ክረምቱን ሙሉ ያለ መጠለያ የቆመ ትራክተር ሁሉ ይህ ያሰጋዋል። ላስቲኩ ርካሽ ነው፤ በውሃው የተበላው የሃይድሮሊክ ፖምፓ ግን ርካሽ አይደለም።

ማረሻውን አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። ወዲያው ከወደቀ ውስጡ ያፈሳል። ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ ሁለቱንም ሞክሩ። ግማሽ ሲረገጥ ትራክተሩ ይቆማል፣ ከኋላ ሌላ ማሽን የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦው፣ ይቀጥላል። እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውም ይቆማል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ትራክተሩ ከመሀል ለሁለት መከፈል አለበት፤ ዋጋ ላይ አስቡበት። የኋላ እግሩን፣ ማለትም ጎማውን፣ ከውስጥ በኩል እዩ። ዘይት ካለ ወደ ፍሬኑ እየገባ ነው።

ሚሊ ቡሎን በግድ ማስገባት

የእንግሊዝ ማሲ ቡሎን በኢንች ነው። «ይገባል፣ ጥበቅ» ብሎ የሚሊ ቡሎን የሚያስገባ ጋራዥ አይቼ ጮኬ አውቃለሁ። ጥርሱ ከተበላ ቶርኖ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ያውም ክፍሉ ተፈትቶ የሚሄድ ከሆነ ነው። ስትፈቱ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹን በየክፍላቸው በፌስታል አስቀምጡ። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ከድሮ መካኒኮች ይሻላሉ፤ ያ ደስ ይለኛል።

ሞተሩ የነከሰ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞርም ያለ ከሆነ በሌላ መኪና ጎትታችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። ኖዝሎቹን አውጥታችሁ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅላችሁ በቀዳዳው ጨምሩና ቀናት ተውት። ከዚያ በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ወዲያና ወዲህ።

በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ

ናፍጣ ሲጠፋ በጀሪካን መግዛት ግድ ነው፤ ይገባኛል። ግን ከውሃና ከላምባ ጋር የተቀላቀለ ይበዛበታል። የ135ቱ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ሌላ ዘይት የለውም። ውሃ ከገባ ይዝጋል፤ ላምባ ከበዛ ይፋቃል። ጀሪካኑን አሳድሩት፤ ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥልሉ፤ ከታች የቀረውን ዝቃጭ ተዉት። ጋኑ ባዶ ሆኖ ሞተሩ ከጠፋ አየር ገብቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ማጣሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ፖምፓው ላይ፣ በመጨረሻ ኖዝሎቹ ላይ አየሩን አስወጡ። በሞተሪኖ ብቻ ማስጮኽ ባትሪ መግደል ነው።

ፒቲኦ እየዞረ ጋቢ ለብሶ መጠጋት

አይደረግም። ነጠላም፣ ሻርፕም።

ገዝቶ እየነዱ ወደ ቤት መሄድ

ከደቡብ በኩል ገዝተው ዓባይ በረሃን በራሱ በትራክተሩ ለማቋረጥ የሚነሱ አሉ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት በማታውቁት ፍሬን አይሞከርም። በጭነት መኪና አስጭኑት። በአጭር መንገድም ቢሆን ሁለት ነገር እዩ። የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች ለማሳ ሥራ ለየብቻ ናቸው። መንገድ ላይ ግን በመቆለፊያው መያያዝ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደዚያው ታጥፎ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ማልቲ ፓወር የሚባለው ያለበት 135 ነው። ዳሽቦርዱ አጠገብ ማርሹን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ማንሻ አለችው። ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ቁልቁለት ላይ አይዝም፤ ትራክተሩ በነፃ ይንሸራተታል። ተጎታች አስሮ በዚያ ማንሻ ቁልቁለት የጀመረ ሰው ፍሬን ብቻ ነው የሚቀረው፤ የኋላ እግሩ ዘይት የሚያፈስ ከነበረ ደግሞ እሱም የለም። ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ማንሻዋን ወደ ከፍተኛው መልሱና በትንሽ ማርሽ ውረዱ።